ቀለሙ ማን ነው? የዮሐንስ አሞስ ኮሜኒየስ ሕይወትና የመምህሩ ቦታ



አዲስ መሣሪያ ወደ ክፍል በገባ ቁጥር አብሮት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም መሣሪያው ይህን ሁሉ ከሠራ መምህሩ ምን ሊሠራ ነው የሚለው ነው። ሬዲዮ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲጀመርም ተነሥቷል። ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተሩም፣ በኪስ የሚያዘው ስልክም ለጠየቁት ሁሉ መልስ የሚሰጡ ሆነው ሲገኙ ጥያቄው እንደገና ብቅ ብሏል። እኛም እጩ መምህራን በምግብ ሰልፍም ሆነ በማደሪያችን ስንነጋገር በሁለት እንከፈላለን። አንዳንዶቻችን ገና ሳንጀምረው ሙያው ከእጃችን ሊወጣ ነው ብለን እንሰጋለን። ሌሎቻችን ደግሞ እሰየው፣ መሣሪያው ያስተምር፣ እኛ በሩን ከፍተን እንዝጋ እንላለን።

ለሁለቱም ወገን የሚበጅ ነገር በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ስላገኘን ነው ዛሬ ብዕር ያነሣነው። ሰውየው ዮሐንስ አሞስ ኮሜኒየስ ይባላል። ብዙዎቻችን ስሙን ለፈተና እንሸመድደውና ከፈተናው ማግስት እንረሳዋለን። ነገር ግን ይህ ሰው ሊረሳ የሚገባው አይደለም። ለምን ቢባል፣ ኮሜኒየስ መሣሪያ የሚጠላ መምህር አልነበረም። እንዲያውም ዕድሜውን በሙሉ የመማሪያ መሣሪያ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። መሣሪያ የማያውቅ ሰው መምህሩን ቢያሞግስ ብዙም አይደንቅም፤ መሣሪያ ሠሪው ራሱ ለመምህሩ የሰጠውን ቦታ ማወቅ ግን ይጠቅማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እንገልጻለን።)

ወላጅ አልባው ተማሪ

ኮሜኒየስ ማርች 28 ቀን 1592 ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ አካል በሆነችው በሞራቪያ ተወለደ። የአገሩ ሰዎች ያን አሞስ ኮሜንስኪ ይሉታል። ቤተሰቦቹ የወንድሞች አንድነት የምትባል አነስተኛ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች ነበሩ። ዕድሜው 12 ዓመት ገደማ ሲሆን አባቱ ሞተ። እናቱም ብዙ ሳትቆይ ተከተለች፤ ከእኅቶቹም ሁለቱ በዚያው ሰሞን አረፉ። ልጁ አክስቱ ዘንድ ተጠጋ። ወላጅ የሌለው ልጅ ትምህርቱ እንዴት እንደሚጓተት ለአገራችን ሰው መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው የሚሆነው። የላቲን ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠው 16 ዓመት ሲሆነው ነበር። በዚያን ዘመን ላቲን የትምህርት ሁሉ ቋንቋ ስለነበረ፣ ላቲን ያላወቀ ከፍ ወዳለው ትምህርት መዝለቅ አይችልም ነበር።

ታዲያ ዘግይቶ መግባቱ አንድ ጥቅም ሳያስገኝለት አልቀረም። ትንሽ ልጅ ሲመቱት ያለቅሳል፤ 16 ዓመት የሆነው ግን ለምን እንደሚመቱት ይጠይቃል። ኋላ ከጻፋቸው ነገሮች እንደሚታየው፣ ኮሜኒየስ ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን የሚያስተምሩበትንም መንገድ ልብ ብሎ ይመለከት ነበር። ያየውም ደስ አላሰኘውም። የላቲን ሰዋስው ሕግ የሚሰጠው በራሱ በላቲን ነበር፤ ማለትም ልጁ የማያውቀውን ቋንቋ በማያውቀው ቋንቋ ይማር ነበር። አይቶት የማያውቀውን ነገር ስም ይሸመድዳል፤ ካልሸመደደ ዱላ ይጠብቀዋል። ኮሜኒየስ ከጎለመሰ በኋላ እነዚያን ትምህርት ቤቶች ከአእምሮ ማረጃ ቦታ ጋር እስከ ማመሳሰል ደርሷል።

ከዚያ በኋላ ጀርመን አገር ሄዶ በሄርቦርንና በሃይድልበርግ ተማረ። በ1614 ወደ አገሩ ተመልሶ በፕርዤሮቭ ከተማ፣ ማለት እሱ ራሱ በተማረበት ትምህርት ቤት፣ ማስተማር ጀመረ። ገና ጀማሪ መምህር ሳለ የመጀመሪያ ሥራው ምን ነበር ቢሉ፣ ለተማሪዎቹ ቀለል ያለ የላቲን ሰዋስው መጽሐፍ ማዘጋጀት ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንድናስብ ያስፈልጋል። መሣሪያውን የሠራው በክፍል ውስጥ የተማሪዎቹን ችግር እያየ ነው። መምህር ሆኖ ጀመረ፤ መሣሪያ ሠሪነቱ ከመምህርነቱ ተወለደ።

ስደት

በ1618 ፉልኔክ በምትባል ከተማ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይና የትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነ፤ ትዳርም ያዘ። በዚያው ዓመት የሠላሳው ዓመት ጦርነት ተጫረ። ኖቬምበር 8 ቀን 1620 በፕራግ አጠገብ ነጭ ተራራ በተባለው ስፍራ የፕሮቴስታንቶቹ ጦር ድል ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ወታደሮች ፉልኔክ ሲገቡ ኮሜኒየስ ሸሽቶ ተሸሸገ። በ1622 ሚስቱንና ሁለት ሕፃናት ልጆቹን ወረርሽኝ ጨረሰበት። ፉልኔክ ትቷቸው የሄደው መጻሕፍቱም ተቃጠሉ። ጥቂት ዓመታት ከአንዱ መሸሸጊያ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆይቶ በ1628 ከብዙ ስደተኞች ጋር ተራራውን ተሻግሮ ፖላንድ ውስጥ ወደምትገኘው ሌሽኖ ከተማ ገባ። ተመልሶ የአገሩን አፈር አልረገጠም። እስኪሞት ድረስ 42 ዓመት በስደት ኖረ።

ሰው እንዲህ ሲደርስበት ወይ ይመንናል፣ ወይ የበቀል መንገድ ይፈልጋል። ኮሜኒየስ ግን ሌሽኖ ውስጥ ወደ ክፍል ተመለሰ፤ አስተማረ፤ ጻፈም። በኛ አገር አፄ ፋሲል በነገሡበት በ1632 ገደማ «ታላቁ የማስተማር ጥበብ» ሊባል የሚችለውን ዋና መጽሐፉን በአገሩ ቋንቋ በቼክ ጽፎ ጨርሶ ነበር። በዚህ መጽሐፍ የደገፈው ሐሳብ ዛሬ የተለመደ ቢመስልም ለዘመኑ እንግዳ ነበር። ትምህርት ለሀብታሙም ለድኻውም፣ ለወንዱም ለሴቷም ይገባል አለ። ልጅ መጀመሪያ በእናት ቋንቋው ይማር አለ። ነገሩ ከስሙ ይቅደም፣ ልጁ የሚታየውን አይቶ፣ የሚዳሰሰውን ዳስሶ፣ የሚቀመሰውን ቀምሶ ይማር አለ። ትምህርትም ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከቅርቡ ወደ ሩቁ ይሂድ አለ። የማስተማር ሥነ ዘዴ ተብሎ በየቀኑ የምንማረው ነገር ሥሩ ብዙውን ጊዜ ወደዚህ መጽሐፍ ይወርዳል።

በሩ ሲከፈት

ሰውየውን በመላው አውሮፓ ያሳወቀው ግን ይህ መጽሐፍ አይደለም። በ1631 የወጣ የላቲን መማሪያ ነው። ስሙ «የተከፈተው የቋንቋዎች በር» የሚል ትርጉም አለው። ስምንት ሺህ ያህል ቃላትን በ1000 ዓረፍተ ነገሮች አስገብቶ፣ ዓረፍተ ነገሮቹን ደግሞ በ100 ምዕራፎች ከፋፍሎ አዘጋጀው። አንዱ ምዕራፍ ስለ እሳት፣ ሌላው ስለ እንስሳት፣ ሌላው ስለ እጅ ሥራ እያለ ይሄዳል። ልጁ ቋንቋውን ሲማር ዓለሙንም አብሮ ይማራል። መጽሐፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ተተረጎመ፤ ወደ እስያ ቋንቋዎችም ተሻገረ።

ስሙ በዓለም ሲጠራ ሌላ ሰው ቢሆን ሥራዬ አለቀ ብሎ ይቀመጥ ነበር። ነገር ግን መጽሐፉ ለጀማሪ ልጆች እንደሚከብድ ታወቀ። ኮሜኒየስም ልጆቹ ሰነፎች ናቸው አላለም። በ1633 ከበሩ በፊት የሚነበብ አነስ ያለ መጽሐፍ አወጣና ስሙን ደጀ ሰላም እንደማለት ያለ ስም ሰጠው። በሩ ከፍ ካለባቸው ደረጃ ይሠራላቸው ማለቱ ነው። መሣሪያው ጥሩ ነው ተብሎ በዓለም ቢመሰገንም፣ ለዚህ ልጅ ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን የሚያየው ክፍል ውስጥ የቆመው ሰው ነው።

የማተሚያው ምሳሌ

አሁን ወደ ጽሑፋችን እምብርት ደረስን። የማተሚያ መኪና በኮሜኒየስ ዘመን ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቢሆነውም፣ ሰው ገና ተደንቆ አላበቃም ነበር። ጸሐፊ በእጁ በወራት የሚገለብጠውን መጽሐፍ ማተሚያው በአጭር ጊዜ በመቶ ያባዛዋል። ኮሜኒየስ ይህን እያየ፣ መጽሐፍን ማብዛት ከተቻለ ትምህርትን ማብዛት ለምን አይቻልም ብሎ አሰበ። በታላቁ መጽሐፉም ትምህርት ቤትን ከማተሚያ ቤት ጋር በዝርዝር አነጻጸረ። ወረቀቱ ተማሪው ነው። ከእርሳስ የሚቀረጹት ፊደሎች መጻሕፍቱና ሌሎቹ መርጃ መሣሪያዎች ናቸው። ወረቀቱን ከፊደሉ ጋር የሚያጣብቀው መጫኛ የትምህርት ቤቱ ሥርዓት ነው። ቀለሙስ? ቀለሙ የመምህሩ ሕያው ድምፅ ነው አለ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ትርጉም ወስዶ ወደ ተማሪው አእምሮ የሚያሻግረው እሱ ነው ማለቱ ነው።

ይህ ምሳሌ በላቲን ከተጻፈበት ይልቅ በአማርኛ ሲነገር ይበልጥ የሚያምር ይመስለናል። በቋንቋችን ቀለም ማለት መጻፊያው ብቻ አይደለም፤ ትምህርቱም ቀለም ነው። ልጅ ተማረ ለማለት ቀለም ቆጠረ እንላለን፤ ጎበዙን ተማሪ ቀለም የዘለቀው እንለዋለን። እንግዲህ ነገሩን በዓይነ ኅሊናችን እንየው። ቀለም ያልተቀባ ፊደል ወረቀት ላይ ቢጫኑት ምን ይሆናል? ወረቀቱ ይሰረጉዳል እንጂ አይጻፍበትም። የታተመ ይመስላል፤ ሲያነቡት ግን ምንም የለበትም።

የፕላዝማው ትምህርት ሲጀመር የተሰማውም ቅሬታ በአብዛኛው ይኸው ነበር። ትምህርቱ አስቀድሞ የተቀረጸና በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ነበር። በሰዓቱ ይጀምራል፣ በሰዓቱ ያልቃል። ለክፍሉ መምህር የሚተርፈው በመጀመሪያና በመጨረሻ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ነበረች። በእርግጥ ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ሙከራውን በዓይን አሳይቷል፤ ይህን ጥቅሙን መካድ ልክ አይሆንም። ነገር ግን አንዲት ቃል ያመለጠችው ተማሪ ብትኖር መስታወቱ አይጠብቃትም፤ ፊቷንም አያይም። ፊደሉ ነበረ፣ ወረቀቱ ነበረ፣ መጫኛውም ነበረ። ቀለሙ ግን ግድግዳ ተደግፎ እንዲቆም ተደረገ።

ሕያው ድምፅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በኮሜኒየስ ዘመን የሆነ፣ የኛን አገር ሰው የሚነካ አንድ ታሪክም አለ። ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሊቅ ግዕዝን ከታተሙ መጻሕፍት ለብቻው አጥንቶ ነበር። ነገር ግን መጻሕፍቱ የማይነግሩት ነገር ስለበዛበት አስተማሪ ፈለገ። በ1649 ሮም ላይ ኢትዮጵያዊውን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ወደተባለችው የጀርመን ከተማ ተጋብዘው ሄዱ፤ ሉዶልፍም ከአንደበታቸው ተማረ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳትሞ ያወጣው ከዚህ ትምህርት ተነሥቶ ነው። ፊደሉ በእጁ ነበር፤ ቀለሙን ያገኘው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው።

ከኮሜኒየስ ጋር የምንከራከርበት

ሰውየውን ስናደንቅ ግን ሁሉን ተቀበልን ማለት አይደለም። ኮሜኒየስ ዘዴው ጥሩ ከሆነና ሁሉ ነገር ተጽፎ ከቀረበለት፣ ተሰጥኦ የሌለው መምህር እንኳ ሊያስተምር ይችላል ብሎ ያምን ነበር። ኦርጋን የሚመታ ሰው ዜማውን ራሱ መድረስ ባይችልም፣ በወረቀት የሰፈረውን ምልክት እያየ ይጫወት የለም ወይ ይላል ነገሩ። ይህን ስናነብ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከሆነስ እኛ የሌላ ሰው ትምህርት አስተላላፊዎች ብቻ ነን ማለት አይደለምን?

ለኛ የታየን መልስ የሚከተለው ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሱ ጓደኞቻችን እንደሚያውቁት ድጓው ምልክት አለው። ምልክቱ ለዘመናት ዜማውን ጠብቆ ያቆየ ትልቅ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ድጓው ተዘርግቶ ቢውል ቢያድር በራሱ አያዜምም። መሪጌታው አፉን ከፍቶ፣ ተማሪውም ሰምቶና ተቀብሎ፣ ሲሳሳትም ታርሞ ነው ዜማ የሚሆነው። ምልክቱ መሪጌታውን ድካም ያቀልለታል እንጂ አይተካውም። ኮሜኒየስ ራሱም ቢሆን ዘዴ ጸሐፊ ብቻ ሆኖ ክፍሉን አልተወም፤ ሌሎች እንዲያነቡት ከጻፈ በኋላ ራሱ ሊያስተምርበት ይገባ ነበር።

አንድ መምህር በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን በአንድ ጊዜ ማስተማር ይችላል ማለቱም ያከራክራል። ይህን ለባለሥልጣን ቢነግሩት ደስ ይለው ይሆናል፤ ተማሪ በተጨናነቀበት ክፍል የቆመ መምህር ግን ያዝናል። ሆኖም ኮሜኒየስ ነገሩን ያለ መላ አልተወውም። ተማሪዎቹ በአሥር በአሥር ይከፈሉ፣ ለእያንዳንዱም ቡድን ከመካከላቸው አለቃ ይደረግለት፣ አለቃውም የጓደኞቹን ሥራ ይይ፣ መምህሩ ደግሞ ሁሉን በዓይኑ ይቆጣጠር ብሏል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባል የለም? መቶ መልካም ነው ባንልም፣ ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ለምንመደብ ሁሉ ይህ መላ ዛሬም ይሠራል።

ሥዕላዊው መጽሐፍ

ኮሜኒየስ ዝናው ስለተሰማ ከየአገሩ ይጠሩት ጀመር። በ1641 ወደ ሎንዶን ሄደ፤ ነገር ግን በ1642 እዚያም የእርስ በርስ ጦርነት ሊፈነዳ ሲል ወጣ። ለስዊድን ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት እያዘጋጀ ኤልቢንግ በምትባል ከተማ ስድስት ዓመት ያህል ቆየ። በ1648 የሠላሳው ዓመት ጦርነት በስምምነት ሲያበቃ፣ የአገሩ ስደተኞች ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት ነገር በስምምነቱ ሳይካተት ቀረ። ተስፋው ተቆረጠ። በ1650 ደግሞ ሃንጋሪ ውስጥ ወደምትገኘው ሻሮሽፓታክ ተጠርቶ ሄደ። እዚያ ሰባት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ሊያቋቁም አቀደ፤ የተከፈቱት ግን ሦስት ብቻ ሆኑ። ተማሪዎቹ የላቲን መማሪያውን በቴአትር መልክ እንዲጫወቱት አደረገ። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ኦርቢስ ፒክቱስ» ወይም «በሥዕል የሚታይ ዓለም» የተባለውን መጽሐፍ ያዘጋጀው በዚህ ስፍራ ነው።

ሻሮሽፓታክ ሥዕሎቹን የሚቀርጽ ባለሙያ ስላልነበረ መጽሐፉ ኑረምበርግ ወደተባለችው የጀርመን ከተማ ተልኮ በ1658 ታተመ። ለልጆች ከተዘጋጁት የመጀመሪያዎቹ ሥዕላዊ መማሪያ መጻሕፍት አንዱና ዋነኛው ነው። 150 ያህል ምዕራፎች አሉት፤ እያንዳንዱም ሥዕል አለው። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ያው ቁጥር ከሥር በላቲንና በጀርመንኛ ከተጻፈው ስሙ አጠገብ ይገኛል። ልጁ ዓይኑን ከሥዕል ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ሥዕል እያመላለሰ ይማራል። ዳቦ መጋገር፣ ንብ ማነብ፣ ዓሣ ማጥመድ ሁሉ አለበት። መጀመሪያው ላይ ፊደል የሚማረው በእንስሳት ድምፅ ነው፤ ቁራ ስትጮህ አንዱን ፊደል፣ በግ ሲጮህ ሌላውን። ትምህርት ቤትን የሚያሳየውም ምዕራፍ አለ፤ እዚያ በሰሌዳ ላይ በጠመኔ መጻፍ ተጠቅሷል፤ ወሬ እያወሩ የሚረብሹ ልጆችም አልቀሩም። ሰውየው ክፍልን በደንብ ያውቅ ነበር።

ታዲያ ይህን የመሰለ መሣሪያ ሠርቶ ምን አለ? መጽሐፉን ለልጁ ስጡትና ተዉት አላለም። በመግቢያው የሰጠው ምክር ለመምህሩና ለወላጁ ነው። ልጁ ሥዕሉን እንደልቡ ይይ፤ ከዚያም ያየውን ሁሉ ስሙን ይጠየቅ፣ የሰማውን ስም ደግሞ በሥዕሉ ላይ ያሳይ። ሥዕሉ ብቻም አይበቃም፤ ልብሱ፣ የሰውነቱ ክፍል፣ የቤት ዕቃው ራሱ ይታይ። ልጁ ሥዕሉን በእጁ ለመሣል ቢፈልግ ይፈቀድለት። በሥዕል ሊታዩ የማይችሉ እንደ ቀለማትና ጣዕም ያሉት ደግሞ ነገሮቹ ራሳቸው ትምህርት ቤት ተዘጋጅተው ይቆዩ። እንግዲህ ልብ እንበል። የዘመኑን ታላቅ መሣሪያ የሠራው ሰው መሣሪያው የማይችለውን በመጀመሪያው ገጾች ላይ በግልጽ ጻፈ፤ ያንንም ክፍተት የሚሞላው መምህሩ መሆኑን አሳየ። መራራ ምን እንደሆነ ሥዕል አይነግርም። ሬትን ወይም ግራዋን አምጥቶ የሚያቀምስ ሰው ያስፈልጋል።

እሳቱ

ኮሜኒየስ በ1654 ወደ ሌሽኖ ተመለሰ። ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይቀመጥ፣ በ1656 በጦርነት ምክንያት ከተማዋ ተቃጠለች። ቤቱም፣ መጻሕፍቱም፣ የእጅ ጽሑፎቹም ነደዱ። ከተቃጠሉት አንዱ ከ40 ዓመት በላይ የደከመበት የቼክና የላቲን መዝገበ ቃላት ነበር። በወጣትነቱ ፉልኔክ ላይ የደረሰበት በ64 ዓመቱ ተደገመ።

ቀሪ ዕድሜውን በአምስተርዳም አሳለፈ። በ1657 ስለ ትምህርት የጻፋቸው ሥራዎች እዚያ በአንድነት ታተሙ፤ ታላቁ መጽሐፉም በላቲን የወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ኖቬምበር 15 ቀን 1670 በ78 ዓመቱ ሞተና ናርደን በምትባለው የኔዘርላንድ ከተማ ተቀበረ። «በሥዕል የሚታይ ዓለም» ከሞተም በኋላ ለረጅም ጊዜ እየታተመ ልጆች ሲማሩበት ኖረ። ዛሬ በቼክና በስሎቫኪያ የመምህራን ቀን የሚከበረው በተወለደበት ዕለት በማርች 28 ነው። መልኩም በቼክ የ200 ኮሩና ገንዘብ ላይ ታትሟል። አገሩ በሕይወት ሳለ አላስገባችውም፤ አሁን ግን ገበያ በወጣች ቁጥር በእጇ ይዛው ትሄዳለች።

ለኛ የሚተርፈን

ከዚህ ሕይወት ምን እንይዛለን? አንደኛ፣ መሣሪያን መፍራት አይገባንም። ከኮሜኒየስ የበለጠ መሣሪያ የወደደ መምህር ማግኘት ያስቸግራል፤ መምህርነቱም አልቀነሰበትም። ሁለተኛ፣ በመሣሪያ መደበቅ አይገባንም። ኮምፒዩተር ለጠየቀው ሁሉ ይመልሳል። ያልጠየቀውን ልጅ ግን አያውቀውም። ጥግ ይዛ የተቀመጠችው፣ ጥያቄ ያላት ግን አፍራ ዝም ያለችው፣ ቁርስ ሳትበላ የመጣችው ተማሪ ለመሣሪያው የለችም። እሷን የሚያያት የመምህር ዓይን ነው። ሦስተኛ፣ መሣሪያው የማይችለውን ለይቶ ማወቅ የመምህሩ ሙያ ዋና ክፍል ነው። መብራት ሲጠፋ ብቻ ሳይሆን መብራት እያለም ስክሪኑ የማይሰጠው ነገር አለ። ይህን ለማወቅ ደግሞ ትምህርቱን ራሱን ከመሣሪያው አብልጦ ማወቅ ያስፈልጋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለዚህ ነው።

መሣሪያ ይቃጠላል፣ ይሰበራል፣ ያረጃል። የኮሜኒየስ 40 ዓመት ድካም በአንድ ቀን እሳት ሄደ። ያልተቃጠለው በየአገሩ ባሉ መምህራን አንደበት ተሻግሮ በተማሪዎች አእምሮ የታተመው ነው።

ስለዚህ ቃል ብቻ ሆኖ እንዳይቀር አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በመርጃ መሣሪያዎች ማዕከላችን በየዓመቱ ብዙ ሥዕልና ሞዴል እንሠራለን፤ ማርክ ከተሰጠበት በኋላ አብዛኛው አቧራ ይለብሳል። ከዚህ በኋላ ለምንሠራው ለእያንዳንዱ መርጃ መሣሪያ ጀርባ ላይ ሦስት ነገር እንጻፍ፦ መምህሩ በዚህ መሣሪያ ምን ይጠይቃል? ተማሪው በእጁ ምን ይሠራል? ይህ መሣሪያ የማያሳየው ነገር ምንድን ነው? ከኮምፒዩተር ለምናመጣውም ቪዲዮ ቢሆን ይህንኑ በወረቀት ጽፈን እናያይዝ። የፊተኛው ገጽ ፊደሉ ነው። የጀርባው ጽሑፍ ደግሞ ቀለሙ ይሆናል። መምህሮቻችንም ማርክ ሲሰጡ ገልብጠው ጀርባውን እንዲያዩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።